የቱቦ ምግብ ኢንሹራንስ ሲከለከል መጀመሪያ ማዘዣውን አንብቡት

ቤት ውስጥ በቱቦ ለሚመገብ ሰው ፎርሙላ (በቱቦ የሚሰጠውን የተዘጋጀ ፈሳሽ ምግብ) ጠይቃችሁ ኢንሹራንሱ «ይሄ ምግብ ነው፣ አንሸፍንም» ካላችሁ፣ ይግባኝ ከማለታችሁ በፊት የሐኪሙን ማዘዣ አውጥታችሁ አንብቡት። «ተጨማሪ ምግብ» የሚል ካለበት ነገሩ እዚያው ሊሆን ይችላል የተበላሸው። ተጨማሪ ሲባል ማንም ከሱቅ የሚገዛው ዱቄት ይመስላላ!

ሐኪሙ እንደ አዲስ እንዲጽፍ ጠይቁ። በሽታው ምንድን ነው፣ በአፍ መብላት ለምን አልተቻለም፣ በቀን ስንት ካሎሪ በቱቦ ይገባል፣ ለስንት ወር። «ዋና የምግብ ምንጩ ይህ ነው» የምትለዋ ሐረግ ደግሞ እንዳትቀር። ጥያቄውን ከምግብ ወደ ሕክምና የምታሻግረው እሷ ናት።

ኢንሹራንሱ ጋ ስትደውሉም በመድኃኒት ሽፋን ብቻ ሳይሆን በቤት ውስጥ የሕክምና መሣሪያ ሽፋን ሥርም ጠይቁ። ፎርሙላው ብዙ ጊዜ የሚታየው ከፓምፑ፣ ከከረጢቱና ከሲሪንጁ ጋር ነው። ፋርማሲ ላይ የተከለከለው እዚህ ሊያልፍ ይችላል።

ታማሚው ገሚሱን በአፉ የሚበላ ከሆነ ግን ያቺን «ዋና የምግብ ምንጩ ይህ ነው» የምትለዋን ሐረግ አታስጽፉ። ከቀን ፍላጎቱ ምን ያህሉ በቱቦ እንደሚገባ በትክክል ይጻፍ። መልሱ እስኪመጣ ደግሞ ፎርሙላውን ለማብቃቃት ብላችሁ በውሃ እንዳታቀጥኑት።