«ይሄ ድቅል ነው!» ከማለታችሁ በፊት

ከባሕር ዳር ተነስተው ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርዱ ጀማሪ የዕፅዋት ተማሪዎች አንድ ልማድ አላቸው። ማሽላ ማሳ ዳር መልኩ ወጣ ያለ ተክል ካዩ ወዲያው «ከዱር ማሽላ የተዳቀለ ነው» ይላሉ። ኧረ ቀስ!

እርግጥ ነው፣ ማሽላ ከዱር ዘመዱ ጋር ይዳቀላል። አገራችን ውስጥ ሁለቱ ጎን ለጎን ይበቅላሉ፤ ድቅላቸውም መካን አይደለም። ግን መቀጨጭ ብቻውን ምስክር አይሆንም። መጀመሪያ የቆመበትን መሬት እዩ። ጥቁር ድንጋይ ላይ ስስ አፈር ይዞ የበቀለ ማሽላ ይቀጭጫል። ዝቅ ብሎ፣ ወንዙ ደለል በጣለበት ለጥ ያለ ቦታ፣ ያው ዘር ከሰው ቁመት ያልፋል። መሬቱን ያላየ ሰው ሁለት ዓይነት ተክል ያየ ይመስለዋል። ከዚያ የፍሬውን አያያዝ ፈትሹ። የዱሩ ሲበስል ይረግፋል፣ የገበሬው አይረግፍም፤ የመጀመሪያ ትውልድ ድቅል ደግሞ ወደ ዱሩ ያደላል። ሁለቱ በአንድ ሰሞን ማበባቸውንም አረጋግጡ። በመጨረሻ ዘሩን ሰብስባችሁ አንድ ዓይነት አፈር ላይ ዝሩት። ልዩነቱ ከጠፋ ያያችሁት የመሬቱን ሥራ ነው። ከአንድ ራስ የተዘራው ዝንጉርጉር ሆኖ ከወጣ ግን ያኔ እናወራለን።

ገበሬውን ሳይጠይቁ መመለስ ደግሞ ያናድደኛል። ያንን ተክል በየዓመቱ እያረመ የሚነቅለው እሱ አይደል? ዘሩን ከየትኛው ገበያ እንዳመጣም ያውቃል። ወንዝ ዘር የሚወስደው ቁልቁል ብቻ ነው፤ አህያ ግን ዳገት ይዞት ይወጣል።

ከፍታ ብቻ መዝግቦ መሄድ አይበቃም። የጣና ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ነው። በዚያው ከፍታ ረግረግም፣ ደለልም፣ ደረቅ ድንጋይም አለ።

የሐይቁን ዳር «የተፈጥሮ ውኃ ልክ» ብላችሁ አትጻፉ። እ.ኤ.አ. ከ1996 ወዲህ ከጣና ወደ ዓባይ የሚወጣውን ውኃ የሚቆጣጠረው የጨራጨራ ግድብ ነው። ጢስ ዓባይ ላይም ውኃው ወደ ኃይል ማመንጫ ስለሚዞር ፏፏቴው በበጋ ይሳሳል። በሚያዝያ «ደረቅ ገደል» ያላችሁት በነሐሴ በርጭት ይርሳል። ስለዚህ ማስታወሻችሁ ላይ ወሩን ጻፉ። ፎቶ ስታነሱም ከተክሉ ጎን ማስመሪያ አድርጉ፣ እባካችሁ።