ለብዙ ሴንሰሮች ከአንድ አርዱኢኖ ኡኖ ኃይል ማድረስ

በአርዱኢኖ ኡኖ (በአር3 ዓይነቱ)፣ ማለትም በፕሮግራም በሚታዘዘው አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ፣ መሥራት የጀመረ ሰው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሴንሰር ሲጨምር የሚቸገረው፣ በኃይል ማውጫው ረድፍ ላይ 5 ቮልት የሚል ምልክት ያለው ቀዳዳ አንድ ብቻ በመሆኑ ነው። ብዙዎች በዚህ ጊዜ አንዱን ዲጂታል ፒን (የቦርዱን ሲግናል መቀበያና መላኪያ ቀዳዳ) የኃይል ምንጭ ያደርጉታል፤ ሴንሰሩ ጥቂት ሚሊአምፔር ብቻ የሚፈልግ ካልሆነ በስተቀር ግን ይህ መደረግ የለበትም። ከአንድ ፒን ያለ ስጋት የሚወሰደው 20 ሚሊአምፔር ገደማ ሲሆን፣ 40 ሚሊአምፔር ፈጽሞ የማይታለፍ ወሰን ነው። ትክክለኛው አሠራር ከ5 ቮልቱ ቀዳዳ አንድ ሽቦ ወደ ብሬድቦርዱ (ሽቦ ያለ ብየዳ ወደሚሰካበት ሰሌዳ) ቀይ መስመር፣ ከግራውንድ (ከኃይሉ መመለሻ ቀዳዳ) ደግሞ ሌላ ሽቦ ወደ ሰማያዊው መስመር ወስዶ ሴንሰሮቹን ሁሉ ከእነዚሁ ማገናኘት ነው። በአንዳንድ ረጃጅም ብሬድቦርዶች እነዚህ መስመሮች መሀል ላይ የተቆረጡ ስለሆኑ፣ ግማሾቹ ሴንሰሮች አልሠራ ካሉ በቅድሚያ ይህን መፈተሽ ይገባል።

ሽቦ ከመዘርጋቱ በፊት ግን እያንዳንዱ ሴንሰር የሚወስደው ኃይል ይደመር። ርቀት ለኪው ኤችሲ-ኤስአር04 15 ሚሊአምፔር ገደማ፣ ሙቀትና እርጥበት ለኪው ዲኤችቲ22 ከ3 ሚሊአምፔር በታች ይወስዳሉ፤ እነዚህ አያሳስቡም። የሚያሳስበው እንደ ኤምኪው-2 ያለው የጋዝ ሴንሰር ነው፤ በውስጡ ማሞቂያ ስላለው ብቻውን 150 ሚሊአምፔር ያህል ይፈልጋል። ሁለት ኤምኪው-2 ከሌሎቹና ከቦርዱ የራሱ ፍጆታ ጋር ሲደመሩ 370 ሚሊአምፔር አካባቢ ይደርሳሉ፤ ሦስተኛው ከተጨመረ በዩኤስቢው መስመር ላይ ያለው የ500 ሚሊአምፔር ፊውዝ ወሰን ይታለፋል። 12 ቮልት አዳፕተር መሰካትም መፍትሔ አይደለም፤ ቮልቴጁን ወደ 5 የሚያወርደው የቦርዱ ሬጉሌተር ትርፉን 7 ቮልት ወደ ሙቀት ስለሚለውጠው፣ በዚሁ 370 ሚሊአምፔር ከ2 ዋት በላይ ሙቀት ተሸክሞ ራሱን ሊያጠፋ ይችላል።

ስለዚህ ማሞቂያ ያላቸው ሴንሰሮች ለብቻቸው ከ5 ቮልት፣ 2 አምፔር አዳፕተር ይመገቡ። የአዳፕተሩ ፖዘቲቭ ከቦርዱ 5 ቮልት ጋር አይገናኝ፤ ግራውንዶቹ ግን የግድ መገናኘት አለባቸው፣ ምክንያቱም የሴንሰሩ ሲግናል የሚለካው ከግራውንድ አንጻር በመሆኑ የጋራ ግራውንድ ከሌለ ንባቡ ትርጉም ያጣል። ቦርዱ ጠፍቶ ሴንሰሩ በርቶ ከቆየ ኃይል በሲግናሉ ሽቦ በኩል ወደ ቺፑ ሊገባ ስለሚችል ሁለቱን አብሮ ማብራትና አብሮ ማጥፋት ይሻላል።

የኃይል እጥረት ሁልጊዜ ቦርዱን አያጠፋም፤ አንዳንዴ ንባቡን ብቻ ያዛባል፣ ይህ ደግሞ በእኔ ግምት የባሰው ነው። ቦርዱ አናሎግ ሲግናልን የሚለካው የራሱን 5 ቮልት መነሻ አድርጎ ስለሆነ፣ መስመሩ ወደ 4.7 ቮልት ሲወርድ በ25 ዲግሪ ላይ ያለ ኤልኤም35 የተባለ ሙቀት ለኪ ከ26 ዲግሪ በላይ ሆኖ ይነበባል። ስለሆነም ሁሉም ሴንሰር በርቶ ሳለ ቮልቴጁ በመልቲሜትር ከቦርዱ ሳይሆን ከየሴንሰሩ እግር ላይ ይለካ። ወርዶ ከተገኘ ቀጫጭኑን ጃምፐር ሽቦ በወፍራምና በአጭር መተካት፣ በቀዩ መስመር መግቢያ ላይ 100 ማይክሮፋራድ፣ በየሴንሰሩ አጠገብም 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር (ኃይል አጠራቅሞ ቮልቴጁን የሚያረጋጋ ዕቃ) ማድረግ ያስፈልጋል፤ የትልቁ ካፓሲተር ኔጋቲቭ እግር ወደ ግራውንድ መዞሩ ኃይል ከመለቀቁ በፊት ይረጋገጥ።