የደሴ እንግዳችሁን መጀመሪያ ጀልባ ላይ አሳፍሩ

ደሴ እንግዳ ሲመጣብኝ ከተማውን ማሳየት የምጀምረው ከከተማው ውጭ ነው። ወደ ሰሜን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ሄጄ፣ ከሐይቅ ከተማና ከውሃዋ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። ጠዋት ፒያሳ ቁርስ ይበላል፣ ከተማውን ይዞራል፣ ጊዜ ከተረፈ ከሰዓት በኋላ ወደ ሐይቅ ብቅ ይላል። እንዲህ አታድርጉ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል፣ ውሃው ይናወጣል፣ ዋና የማይችል እንግዳችሁም ጉዞው እስኪያልቅ የጀልባውን ጠርዝ ጨምድዶ ይቀመጣል።

ሌላው ምክንያቴ ታሪኩ ነው። ደሴ ከተማ የሆነችው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው። ሐይቁ ላይ ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ግን በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደተመሠረተ ይነገራል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ትልቅ የትምህርት ቦታ አደረጉት። አቡነ ተክለ ሃይማኖት እዚያ ተምረዋል። የገዳሙ አበምኔት ዐቃቤ ሰዓት ተብለው በነገሥታቱ ቤተ መንግሥት ትልቅ ሰው ነበሩ። ይህን ያየ እንግዳ ደሴ ሲገባ ወሎን ከሥሯ ይዟት ይገባል።

ከደሴ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሱ። ከመናኸሪያ የሐይቅ ሚኒባስ አለ። አምስት ስድስት ከሆናችሁ ግን ኮንትራት ያዙ፣ መመለሻችሁን አታስቡም። የመንገዱን ሁኔታ ማታውኑ ደውላችሁ አጣሩ፣ በዚህ ጊዜ ይህ የግድ ነው። ጃኬት ይያዙ በሏቸው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐይቁ 1,900 ሜትር አካባቢ ነው። ደሴ ላይ የተንቀጠቀጠ ሰው ውሃው ዳር ሲደርስ ጃኬቱን ያወልቃል። ሐይቅ ከተማ ስትደርሱ ባጃጅ እስከ ውሃው ዳር ያወርዳችኋል።

አሁን ዋናው ነገር። ወንዶቹ እስጢፋኖስ ይገባሉ፣ ሴቶች አንገባም። እኔም ገብቼ አላውቅም። ሥርዓቱ ነው፣ አከብረዋለሁ። የማልወደው ሴት እንግዳ ይህን በሩ ላይ ስትሰማ ነው። ከአዲስ አበባ ድረስ መጥታ፣ ነጠላዋን አጣጥፋ፣ እዚያ ስትደርስ «አንቺ እዚህ ጠብቂ» መባል ልብ ይሰብራል። ስለዚህ ማታ ደሴ እያላችሁ ንገሯት። የጀልባውንም ሂሳብ ይህን አስባችሁ ቁረጡ።

አቆራረጡ እንዲህ ነው። ጀልባ ነጂውን ሳትሳፈሩ ጠይቁት። ዋጋው በሰው ነው ወይስ በጀልባ? ደርሶ መልስ ነው? መጠበቂያውን ይጨምራል? ከዚያ ይህን ጨምሩ፦ ወንዶቹን ገዳሙ ጋ ያወርዳል፣ ሴቶቹን ይዞ ሐይቁን ያዞራል፣ ተመልሶ ወንዶቹን ይወስዳል። ሁሉንም በሰው ፊት ተነጋገሩ፣ ኋላ ጭቅጭቅ አይኖርም። ለእያንዳንዱ ሰው ላይፍ ጃኬት ከሌለ አትሳፈሩ። «ቅርብ ነው፣ ችግር የለውም» ቢላችሁም እሺ አትበሉ። የሐይቁ ጥልቀት አንዳንድ ቦታ ከ80 ሜትር በላይ ነው።

ስትሳፈሩ አንድ በአንድ ግቡ። እግራችሁን ጠርዙ ላይ ሳይሆን መሐል ወለሉ ላይ አሳርፉ፣ ወዲያው ቁጭ በሉ። ከበድ ያለው ሰው መሐል ይሁን። ዳር ዳሩ ላይ ውሃው ቡናማ ነው፣ የቄጠማው ሥር ይታያል፣ ይብራዎች ከመሐሉ ብድግ ይላሉ። ትንሽ ራቅ ስትሉ ቀለሙ በአንዴ ይጠቁራል። እዚያ ጋ ነጂውን ሞተሩን አጥፋልኝ በሉት። ወሬም ይቁም። ገዳሙ ያለበት ቦታ ፊት ለፊት በዛፍ ተሸፍኖ ይታያል። ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል፣ በእግርም ይገባል። ድሮ ግን ደሴት ነበር። መነኮሳቱ ለምን እዚያ እንደመነኑ ለማወቅ በውሃ መምጣት አለባችሁ። በመኪና የመጣ ሰው ይህ አይገባውም።

ለሚገቡት ወንዶች ሥራ ስጧቸው። ሱሪያቸው ረጅም ይሁን፣ ጫማ አውልቀው ይግቡ፣ ፎቶ ከማንሳታቸው በፊት ያስፈቅዱ። ገዳሙ ውስጥ የአባ ኢየሱስ ሞዓ የብራና ወንጌል አለ፣ በ1280 ወይም 1281 እ.ኤ.አ. የተጻፈ። የራሳቸው የአባ ኢየሱስ ሞዓ ሥዕልም አለበት። ሁልጊዜ ላይታይ ይችላል፣ በትሕትና ይጠይቁ። ሲመለሱ ያዩትን ሁሉ ለእኛ ይንገሩን። እኔ ገዳሙን የማውቀው እንዲህ በእንግዶቼ አፍ ነው፣ እያንዳንዱ ሰው ሌላ ነገር ያይልኛል።

ምሳ እዚያው ውሃው ዳር አሳ ጥብስ ነው፣ በሎሚና በሚጥሚጣ። ጾም ከሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ አሳ የሚበላም የማይበላም አለ፣ ሽሮ ይዘዝለት።

ስምንት ሰዓት ላይ ወደ ደሴ ተመለሱ። አሁን ከተማው ሌላ ይሆናል። አይጠየፍን አሳዩ፣ ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያበሉበት የነበረውን አዳራሽ። በፊት መሐመድ ዓሊ ይባሉ እንደነበር፣ በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ በተደረገ ጊዜ ክርስትና እንደተነሱ፣ በ1906 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሥ እንደተባሉ ንገሯቸው። የልጅ ኢያሱ አባት መሆናቸውን አትርሱ፣ እንግዳው ሁሉ እዚህ ጋ ጆሮውን ይሰጣል። የደሴ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ተዘርፏል፤ ከመሄዳችሁ በፊት ክፍት መሆኑን ጠይቁ። ሸዋ በር መስጊዱንና መድኃኔዓለምን በአንድ መንገድ አሳዩ፣ ወሎን ወሎ የሚያደርጋት እሱ ነው። የጦሳን ተራራ ቀና ብለው ሲያዩ ደግሞ ህዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማውን ሲደበድቡ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ደሴ እንደነበሩ ንገሯቸው።

ማታ ቡና ቤት አትውሰዷቸው። ቤት አፍሉላቸው፣ እጣኑም ይጢስ፣ እስከ በረካ ይጠጡ።

እንግዳው በኮምቦልቻ አየር ማረፊያ የሚመለስ ከሆነ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን የሐረጎን መንገድ አስቡበት። ርቀቱ አጭር ነው፣ ግን መንገዱ ጥምዝምዝ ነው፣ ክረምት ላይ ጉም ይወርድበታል፣ ከባድ መኪና ከፊት ከገባ ደግሞ መቅደሚያ የለም። አንድ ሰዓት ጨምራችሁ ተነሱ፣ ሆዱ የሚናጥበትንም ሰው ፊት ወንበር ላይ አስቀምጡት።