ባችለርና ማስተርስን በአምስት ዓመት፦ ፐብሊክ ፖሊሲን አሜሪካ ውስጥ አጣምሮ መማር እንዴት ይቻላል?

አሜሪካ ውስጥ ባችለር አራት ዓመት ይፈጃል፤ የፐብሊክ ፖሊሲ (የመንግሥት ውሳኔዎችን የሚያጠናና የሚመዝን ትምህርት) ማስተርስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት። ሁለቱን አጣምሮ የሚማር ግን በአምስት ዓመት ይጨርሳል። የአንድ ዓመት ክፍያና የቤት ኪራይ ቀረ ማለት ነው። ደመወዙም አንድ ዓመት ቀድሞ ይጀምራል። ወሬው ደስ ይላል፤ ግን ያቺ አንድ ዓመት እንዲሁ አትገኝም። ክሬዲት በክሬዲት ቆጥሮ የሚያገኛት አለ፣ አራተኛ ዓመት ላይ ነቅቶ ያመለጠችው ደግሞ ብዙ ነው።

ለሐበሻ ልጆች ነገሩ ቅርብ ነው። ብዙዎቻችን የምንኖረው ዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ነው፤ ፕሮግራሙም እዚያው ሞልቷል። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፓርክ፣ ጆርጅ ሜሰን፣ አሜሪካን ዩኒቨርሲቲ፣ ጆርጅታውን ሁሉም በየራሳቸው መልክ አላቸው። ትንሽ ራቅ ካላችሁ ደግሞ ቻርለትስቪል የሚገኘው የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ባተን ትምህርት ቤት አለ። እዚያ ተማሪው በሦስተኛ ዓመቱ ያመለክታል፣ አራተኛ ዓመት ላይ የማስተርስ ኮርስ ይጀምራል፣ በአምስተኛው ይጨርሳል።

መጀመሪያ ሂሳቡን አስሉት

ወረቀትና እርሳስ ያዙ። ባችለር 120 ክሬዲት ነው። ማስተርሱ እንደየትምህርት ቤቱ ይለያያል፤ 36 የሚጠይቅ አለ፣ 48 የሚጠይቅም አለ። 48 ነው እንበል። ድምሩ 168 ይመጣል። በሴሚስተር 15 ክሬዲት እየወሰዳችሁ አሥር ሴሚስተር ብትማሩ የሚሞላው 150 ነው። 18 ጎደለ።

ጉድለቱን የሚሸፍነው ለሁለቱም ዲግሪ የሚቆጠር ክሬዲት ነው። አራተኛ ዓመት ላይ አራት የማስተርስ ኮርሶች ትወስዳላችሁ፤ ያ 12 ክሬዲት ለባችለሩም ለማስተርሱም ይያዝላችኋል። የቀረው 6 ክሬዲት በአንድ ሰመር ያልቃል። ከሃይስኩል የመጣ የኤፒ (እዚያው የሚወሰድ የኮሌጅ ደረጃ ኮርስ) ክሬዲት ካላችሁ ደግሞ እሰየው፤ ማስተርስ ላይ በሴሚስተር 15 ክሬዲት መሸከም ቀልድ አይደለም።

ስለዚህ ለትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ ይህ ይሁን፦ «ስንት ክሬዲት ለሁለቱም ይቆጠራል? የትኞቹ ኮርሶች?» የሚቆጠረው በጣም ትንሽ ከሆነ፣ ስሙ «የተፋጠነ» ቢባልም የምታተርፉት ጊዜ ትንሽ ነው።

አንደኛና ሁለተኛ ዓመት፦ ከሒሳብ አትሽሹ

ፐብሊክ ፖሊሲ ሲባል ብዙ ሰው ክርክርና ንግግር ይመስለዋል። ክፍል ውስጥ ስትገቡ ግን የሚጠብቃችሁ ሪግሬሽን (አንዱ ነገር ከሌላው ጋር ያለውን ግንኙነት በቁጥር የሚለካ የስታትስቲክስ ዘዴ) ነው። አንድ ከተማ የአውቶቡስ ዋጋ ቢያስቀር ማን ይጠቀማል፣ ወጪውን ማን ይሸፍናል፣ ለውጡ በእርግጥ የመጣው ከፖሊሲው ነው ወይስ ከሌላ ነገር? ይህን በቁጥር ማሳየት ትማራላችሁ።

ስለዚህ ስታትስቲክስና ማይክሮ ኢኮኖሚክስን እስከ ሁለተኛ ዓመት መጨረሻ ጨርሱ። ካልኩለስም ቢኖር ይጠቅማል። ሜጀራችሁ ፐብሊክ ፖሊሲ መሆን የለበትም የሚሉ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ከባዮሎጂም ከታሪክም ይቀበላሉ። ነርሲንግ ወይም ኮምፒውተር ካልተማርክ ለሚሉ ወላጆች ይህ ጥሩ መካከለኛ መንገድ ነው። ልጁ ኮምፒውተሩንም ይዞ ፖሊሲ መግባት ይችላል፣ ዳታ የሚችል ሰው ደግሞ ተፈላጊ ነው።

ከኮሙኒቲ ኮሌጅ ለምትመጡ

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ብዙ ልጆቻችን የሚጀምሩት ከሞንትጎመሪ ኮሌጅ ወይም ከኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሙኒቲ ኮሌጅ) ነውና። ወጪ ለመቀነስ ጥሩ ዘዴ ነው። ችግሩ የጊዜው ነገር ነው። 60 ክሬዲት ይዛችሁ ዩኒቨርሲቲ ስትገቡ ወዲያው ሦስተኛ ዓመት ናችሁ፤ የማመልከቻው ቀን ደግሞ እዚያው ዓመት ላይ ነው። መምህር ሳያውቃችሁ፣ የአዲሱ ትምህርት ቤት ውጤት ሳይኖራችሁ ማመልከት ሊመጣ ነው።

መፍትሔው ከመዛወራችሁ በፊት አንድ ሴሚስተር ቀድሞ የፖሊሲ ትምህርት ቤቱን አማካሪ ማነጋገር ነው። የኮሙኒቲ ኮሌጁን አማካሪ ብቻ አትመኑ። ኖቫ ያላችሁ ደግሞ ከጆርጅ ሜሰን ጋር የሚያገናኘውን አድቫንስ ፕሮግራም ጠይቁ፤ ገና ከኖቫ ሳላችሁ የትኛው ኮርስ እንደሚያልፍላችሁ ይነግራችኋል።

ሦስተኛ ዓመት፦ ማመልከቻ

ትራንስክሪፕት፣ የድጋፍ ደብዳቤ፣ ድርሰት። ጂፒኤ ከ3.0 በታች ከሆነ በሩ ጠባብ ነው፤ ከዚያም በላይ የሚጠይቁ አሉ። ለራሳቸው ተማሪዎች ጂአርኢን (የማስተርስ መግቢያ ፈተናን) የሚያስቀሩ ብዙ ናቸው። ደብዳቤ የሚጽፍላችሁን መምህር ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ጠይቁ።

ድርሰቱ ላይ ግን ጊዜ ውሰዱ። «አገሬን መርዳት እፈልጋለሁ፣ ዓለምን መለወጥ እፈልጋለሁ» የሚል ድርሰት አንባቢው በቀን ሃያ ጊዜ ያነበዋል። እናንተ በቅርብ የምታውቁትን አንድ ፖሊሲ አንሱ። ለምሳሌ አባቱ ዲሲ ታክሲ ሲነዳ የኖረ ልጅ ምን የመሰለ ታሪክ አለው! እ.ኤ.አ. በ2008 ከተማዋ በዞን የሚታሰበውን ክፍያ አስቀርታ ሜትር አስገባች። ማን ተጠቀመ? ተሳፋሪው ምን አገኘ፣ ሹፌሩ ምን አጣ? ኋላ ኡበር ሲመጣ ያው ሕግ ለማን ሠራ? ይህን በሁለት አንቀጽ ጻፉና የጎደላችሁን እውቀት ንገሯቸው፦ «ይህን ለመመዘን የሚያስፈልገኝ ይህ ይህ ትምህርት ነው» በሉ። አለቀ።

ገንዘቡ፦ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ቦታ

ሁለት ዲግሪ በአንድ ላይ ብትማሩም በፋይናንሻል ኤይድ ዓይን በአንድ ጊዜ አንድ ናችሁ። ወይ አንደርግራድ (የባችለር ተማሪ) ናችሁ፣ ወይ ግራድ (የማስተርስ ተማሪ)። ከአንዱ ወደ ሌላው የምትሻገሩበት ሴሚስተር ገንዘቡን ሁሉ ይለውጠዋል።

ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለስ የፌደራል እርዳታ ለአንደርግራድ ነው። ግራድ ተብላችሁ ስትመዘገቡ ይቆማል። በትምህርት ላይ ሳላችሁ መንግሥት ወለዱን የሚከፍልላችሁ ብድርም እንዲሁ። ከዩኒቨርሲቲው ያገኛችሁት ስኮላርሺፕ ስምንት ሴሚስተር ብቻ ሊሆን ይችላል። በግራድ ደረጃ የፌደራሉ መደበኛ ብድር በዓመት እስከ 20,500 ዶላር ነው። ከዚያ በላይ ለሚያስፈልገው የነበረው ግራድ ፕላስ የሚባለው ብድር ደግሞ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ ተዘግቷል። ደግ ነገሩ፣ ግራድ ተማሪ ፋፍሳ (የፌደራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ) ሲሞላ የወላጅ ገቢ አይታይበትም።

ስለዚህ ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ሂዱና በኢሜይል፣ በጽሑፍ ጠይቁ፦ ግራድ የምባለው ከየትኛው ሴሚስተር ጀምሮ ነው? አራተኛ ዓመት ላይ የምወስደው የማስተርስ ኮርስ የሚከፈለው በየትኛው ዋጋ ነው? ስኮላርሺፔ አምስተኛው ዓመት ላይ ይከተለኛል? በቃል የተነገረ መልስ መስከረም ላይ የክፍያ ጥያቄው ሲመጣ ማንም አያስታውሰውም።

ኤፍ-1 (የውጭ ተማሪ) ቪዛ ያላችሁ ሌላም አለባችሁ። ኦፒቲ (በተማራችሁበት መስክ የመሥራት ፈቃድ) ለእያንዳንዱ ከፍ ላለ የዲግሪ ደረጃ 12 ወር ነው። የባችለሩ መቼ እንደሚሰጣችሁና አይ-20ው (ትምህርት ቤቱ ለቪዛችሁ የሚሰጠው ሰነድ) መቼ እንደሚቀየር ከኢንተርናሽናል ቢሮው ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። አንዳንድ የፖሊሲ ማስተርሶች በስቴም (የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የኢንጂነሪንግና የሒሳብ ዘርፍ) የተመዘገቡ ናቸው፤ ያ ከሆነ 24 ወር ይጨመራል። ይህ አንድ ጥያቄ የት እንደምትማሩ ሊወስን ይችላል።

ሥራው

በአራተኛውና በአምስተኛው ዓመት መካከል ያለውን ሰመር ለኢንተርንሺፕ ጠብቁት። ባለ ሁለት ዓመቱ ተማሪ በተፈጥሮው አንድ ሰመር አለው፤ የእናንተን ደግሞ ያ የጎደለ 6 ክሬዲት ሊበላው ይፈልጋል። ክሬዲቱን ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ዓመት ሰመር ላይ አስቀድማችሁ ጨርሱት።

ለፌደራል መሥሪያ ቤት ማስተርስ ያለው ሰው መነሻው ብዙ ጊዜ ጂኤስ-9 ነው (ጂኤስ የፌደራል ሠራተኛ የደመወዝ እርከን ነው)፤ ባችለር ብቻ ያለው ከ5 ወይም ከ7 ይጀምራል። ግን እውነቱን እንነጋገር። እ.ኤ.አ. በ2025 የፌደራል ሠራተኛ በብዛት ተቀንሷል፣ ማስተርስ ለጨረሱ ወጣቶች ዋና በር የነበረው የፕሬዚዳንሻል ማኔጅመንት ፌሎውስ ፕሮግራምም ተዘግቷል። ስለዚህ ዓይናችሁን ወደ ካውንቲና ወደ ስቴት አዙሩ። የመኖሪያ ቤት፣ የትምህርት ቤት፣ የትራንስፖርት ውሳኔ ብዙው እዚያ ነው የሚደረገው።

አጣምሮ መማር ለሁሉም አይሆንም ባይ ነኝ። ያላችሁበት ትምህርት ቤት የፖሊሲ ክፍሉ ደካማ ከሆነ ለአንድ ዓመት ብላችሁ እዚያው አትታሰሩ። ፒፒአይኤ የሚባል፣ ሦስተኛ ዓመት ለጨረሱ ተማሪዎች የሚሰጥ የሰመር ሥልጠና አለ። እሱን የጨረሰ ሰው ሌላ ጥሩ ትምህርት ቤት የክፍያ እርዳታ ሊያገኝ ይችላል፤ ሁለት ዓመት በእርዳታ፣ አንድ ዓመት በብድር ከመማር ሊረክስ ይችላል።

ከመፈረማችሁ በፊት ደግሞ መውጫውን ጠይቁ። አራተኛ ዓመት መጨረሻ ላይ ሥራ ቢገኝ ወይም ቢሰለቻችሁ ምን ይሆናል? የወሰዳችሁት የማስተርስ ኮርስ ለባችለሩ ይያዛል? ከሁለት ዓመት በኋላ ብትመለሱ ያው 12 ክሬዲት ለማስተርሱ ይቆጠራል ወይስ ይቃጠላል? ባችለሩ በአራተኛው ዓመት ወዲያው በእጅ ይሰጣል ወይስ ከማስተርሱ ጋር ይጠብቃል? ይህ የመጨረሻው ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያል፤ መልሱን ካታሎጉ ላይ በዓይናችሁ አይታችሁ ፈርሙ።