ለሐምሌ አስቡና ግዙ፦ ደሴ ላይ በሶላር መኖር

በጥር ፀሐይ ማንኛውም ሶላር የሚበቃ ይመስላል። የሚፈትነው ሐምሌ ነው። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ሲውል ባትሪው ሳይሞላ ይመሻል። መስመር ላልገባበት ወይም መብራት ለሚመላለስበት ቤት ሶላር የምታስቡ ከሆነ ስሌቱን ከክረምቱ ጀምሩ።

ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ወረቀት ያዙ። የእያንዳንዱን ዕቃ ዋት በሚበራበት ሰዓት አባዙ። ለምሳሌ አራት ባለ 7 ዋት አምፖሎች 5 ሰዓት ቢበሩ 140 ዋት ሰዓት ይፈጃሉ። ቲቪና ሪሲቨር አንድ ላይ 65 ዋት ቢወስዱ በ4 ሰዓት 260 ይሆናል። ለሦስት ስልክ 45 ያዙ። ድምሩ 445 ነው። በኢንቨርተር (የባትሪውን ጉልበት ለቤት ዕቃ ወደሚሆን መብራት የሚቀይረው ሣጥን) እና በገመድ ለሚባክነው ሩብ ጨምሩበት፤ ወደ 560 ይጠጋል።

ምጣድ፣ ስቶቭና ካውያ እዚህ ዝርዝር ውስጥ አይገቡም። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን 3000 ዋትና ከዚያ በላይ ይስባል። በባትሪ እጋግራለሁ የሚል መጀመሪያ ኪሱን ይዳብስ።

ደመና ሲበዛ ቀኑን እንደ 4 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ቁጠሩት። 560 ለ4 ሲካፈል 140 ነው፤ ለሙቀት፣ ለአቧራና ለሌላው ብክነት መጠባበቂያ ሲጨመር ባለ 200 ዋት ፓኔል ይበቃል። 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት የሆነ ባትሪ በወረቀት 1200 ዋት ሰዓት ይይዛል። ጄል (ውሃ የማይጨመርበት የእርሳስ ባትሪ) ከሆነ ግን ከግማሽ በታች ባታወርዱት ይሻላል፣ ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ በእጃችሁ ያለው 600 ነው፤ ለአንድ ሌሊት። ሊቲየም ከያዘው 80 በመቶው ቢወጣ ግድ የለውም። ውድ ነው፣ ግን አቅም ካላችሁ እሱን ግዙ። የመኪና ባትሪ ይረክሳል ብላችሁ አትሞክሩ። እሱ የተሠራው ሞተር ለማስነሳት ነው፤ በየሌሊቱ እየተሟጠጠ ብዙ አይቆይም።

ፓኔሉ ወደ ደቡብ ፊቱን ያዙር። 15 ዲግሪ ያህል ያዘንብል፤ ማለትም በአንድ ሜትር ርዝመት 26 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ወደ ሰሜን ታልፋለች፤ ስለዚህ ከዚህ በላይ አታቁሙት። ጨርሶም አታስተኙት፤ ዝናቡ አቧራውን የሚያጥበው ሲያዘነብል ነው። ጦሳ በምዕራብ ስላለ እግሩ ሥር ያሉ ቤቶች የማታዋን ፀሐይ ቀድመው ያጣሉ። ከረፋዱ 4 እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ጥላ የማይነካው ቦታ ምረጡ። የዛፍ ቅርንጫፍ ጥላ ጥቂት ቢመስልም ጉልበቱን ክፉኛ ይቀንሰዋል።

ቆርቆሮው ላይ ስታስሩ ሚስማሩ ጎማ ይኑረው፣ የሚመታውም በጉብታው ላይ ይሁን። በሸለቆው ከመታችሁ ያፈሳል። ከፓኔሉ ሥር አየር የሚያልፍበት 10 ሳንቲ ሜትር ተዉ። ኮምቦልቻ ስለሚሞቅ እዚያ ለሆናችሁ ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል። ፓኔል ከ25 ዲግሪ በላይ በጋለ ቁጥር በየዲግሪው 0.4 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ሙቀት የባትሪንም ዕድሜ ይበላል።

ወደ ገመዱ እንሂድ። መጀመሪያ ባትሪውን ከኮንትሮለሩ (ከፓኔል ወደ ባትሪ የሚገባውን ከሚቆጣጠረው ዕቃ) ጋር አገናኙ፣ ፓኔሉ ቀጥሎ ይመጣል። ሲነቀል ተቃራኒው ነው፤ ፓኔሉ ይቅደም። ፊውዙን ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ አድርጉት። ባለ 500 ዋት ኢንቨርተር ከ12 ቮልት ባትሪ ከ40 አምፒር በላይ ይስባል፤ ገመዱ አጭርና ወፍራም ይሁን። ኢንቨርተሩን በምንም ዓይነት ወደ ግድግዳው ሶኬት እንዳትሰኩ! ጠፍቶ የነበረው መስመር ላይ የሚሠራ ሰው ሊሞት ይችላል፣ መብራት ሲመጣ ደግሞ ዕቃው ይነድዳል።

ከዚያ በኋላ ያለው የልማድ ጉዳይ ነው። ብዙ ሰው የማያየው ሌባ ኢንቨርተሩ ራሱ ነው። ምንም ሳይሰካበት 10 ዋት ቢወስድ በ24 ሰዓት 240 ዋት ሰዓት ይሄዳል። ከላይ ያሰላነውን የቲቪና የሪሲቨር ፍጆታ ሊያክል ጥቂት ነው የቀረው። ስትተኙ አጥፉት። ለአምፖልና ለስልክ በቀጥታ በ12 ቮልት የሚሠራ ከተገኘ ኢንቨርተር አያስፈልግም።

ስልክና ላፕቶፕ ቀን ላይ ቻርጅ ይደረጉ፣ የማታው ባትሪ ለመብራት ይቆይ። ጄል ባትሪ ሳይሠራ ቆይቶ 12.7 ቮልት ካነበበ ሙሉ ነው፣ 12.2 ከሆነ ግማሽ ደርሷል። ያን ጊዜ ቲቪው ይጥፋ። ሊቲየምን በቮልት መገመት ያሳስታል፤ የመቶኛ መለኪያ ያለው ይሻላል።

ፓኔሉን በማለዳ፣ ሳይግል፣ በውሃና በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ። ውሃ የሚጨመርበት ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚያወጣ መኝታ ክፍል አይቀመጥ፣ የቡና ከሰልም አይጠጋው። የሚጨመርለት የተጣራ የባትሪ ውሃ ነው፤ የቧንቧ አይሆንም።