የአንድ ቅያስ ጎረቤቶችን ሕይወት የሚያስተሳስር ልብወለድ እንዴት ይጻፋል

ከገጸ ባሕርይ በፊት መንገዱን ሥሩ። በትልቅ ወረቀት ላይ ከአዲስ አበባ ዳር፣ ከየካ አባዶ ወይም ከቱሉ ዲምቱ በኩል፣ አንድ ቅያስ ሣሉ፤ ኮብልስቶኑ የሚያልቅበት፣ ባጃጅ የሚቆምበት፣ ሱቁ፣ ጉልቱ ይግቡበት። አሥር ያህል ቤት አስቀምጡና ለእያንዳንዱ ሦስት ጥያቄ መልሱ፦ ቦታውን እንዴት አገኘው? ውሃና መብራቱ ከማን ቆጣሪ ይመጣል? የማን ዕዳ አለበት?

በከተማ ዳር የመጀመሪያው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል። እርሻው ለግንባታ የተወሰደበት ገበሬ፣ የጨረቃ ቤት የሠራ፣ የኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣለት፣ ከመሃል ከተማ በልማት የተነሣ፣ ተከራይ፤ ሁሉም በአንድ መንገድ ይመላለሳሉ፣ ስለ መሬቱ የሚያስቡት ግን ለየቅል ነው።

ከአሥሩ ቤት አምስቱን ብቻ ዋና አድርጉ። ከዚያ ከበለጠ አንባቢ ስም ማምታታት ይጀምራል።

ቀጥሎ ማሰሪያውን ፈልጉ። ሰዎቹን ፍቅርና ዝምድና ብቻ ካገናኛቸው ታሪኩ በአጋጣሚ ይሞላል፤ አብዛኛው የሰፈር ልብወለድ የሚላላው እዚህ ላይ ነው። የጋራ ነገር አስተማማኝ ነው። ሦስት ቤት በአንድ ቆጣሪ ይጠቀማል እንበል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ኃይል ይወስዳል፤ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ተከራይ ስትገባ ሂሳቡ ያሻቅባል፣ አካፋዩ ይታማል፣ አከራይዋ ልታስወጣት ትነሣለች። የሱቁ የዱቤ ደብተር ማን እንደቸገረው ከሚስቱ ቀድሞ ያውቃል። በፈረቃ የሚመጣ ውሃ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ የተኳረፉትን በጄሪካን ያገናኛል። ዕድሩን ደግሞ ለከባዱ ትዕይንት አቆዩት፦ መዋጮ ካቋረጠ ሰው ቤት ለቅሶ ሲገባ ድንኳኑ ይተከላል? ይህን ከመጽሐፉ ሁለት ሦስተኛ ላይ አድርጉት፤ የተበተኑት ክሮች በአንድ ግቢ ይሰበሰባሉ።

ጊዜውን በአንድ ዓመት፣ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ገድቡት። ለየወሩ ሁለት ምዕራፍ፣ ለጳጉሜን አንድ አጭር፤ 25 ምዕራፍ ይሆናል። እያንዳንዱን ወደ 2,500 ቃል ካደረሳችሁት መጽሐፉ 60 ሺህ ቃል ገደማ ይሆናል። ሐምሌና ነሐሴን አትዝለሉ፤ ባጃጅ ጭቃውን አልገባም ሲል ምጥ የያዛትን ሴት የሚሸከማት ጎረቤት ነው።

«ማን ምን ያውቃል» የሚል ሠንጠረዥ ሥሩ፤ ቁልቁል ሰዎቹን፣ አግድም ምዕራፎቹን። ያለ እሱ ምሥጢሩን በምዕራፍ 14 የሚሰማ ሰው በምዕራፍ 9 ሲያወራው ይገኛል። ወሬውንም ሁሉ ቡና ላይ አታፍስሱት፤ ሰው ዋናውን ነገር የሚናገረው ቡናው አልቆ በር ላይ ሲሰነባበት ነው።

አጠራሩ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እትዬ፣ ጋሼ፣ በልጇ ስም «የእንትና እናት»፣ ለኦሮሞው አዛውንት ኦቦ፤ ማን ማንን ምን ብሎ እንደሚጠራ አስቀድማችሁ ወስኑ። «አንቺ» ሲባባሉ የኖሩ ሴቶች በድንገት «እርስዎ» ከተባባሉ መጣላታቸውን ሌላ ማብራሪያ ሳትጨምሩ አንባቢ ያውቀዋል።

ረቂቁ ሲያልቅ የተናጋሪዎቹን ስም ሸፍናችሁ ንግግሩን ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ገበሬውና የባንክ ሠራተኛው ካልተለዩ የሁለቱን ንግግር ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምራችሁ እንደገና ጻፉ።