እንጦጦ ላይ ሰማይ ሊያዩ ሲወጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ የ1 ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉት። የማስተርስና የዶክትሬት ተማሪዎች የሥነ ፈለክ ጥናት የሚሠሩበት ቦታ ነው። ትንሽ ቴሌስኮፕ ይዞ ወደዚያው ተራራ ለሚወጣም ሰው ከታች ያሉት ይጠቅማሉ።

ዋናው ስህተት ስልክ ማብራት ነው። ዓይን ጨለማን በደንብ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ አንድ ብልጭታ ይህን ሁሉ ትዕግሥት ከንቱ ያደርገዋል፤ የእርስዎን ብቻ ሳይሆን አጠገብዎ የቆመውንም ሰው። አንድ ምሽት አንድሮሜዳ የተባለውን ጋላክሲ ለማየት ተሰልፈን ሳለ አንዱ ፎቶ ሊያነሳ ፍላሹን አበራ። ተራዋ የደረሰች ትንሽ ልጅ ዓይኗን ሌንሱ ላይ አድርጋ «ምንም የለም እኮ» አለች። ብርድ ላይ እንደገና ጠብቃ ነው ያየችው። መብራት የግድ ከሆነ ባትሪዎን በቀይ ፌስታል ደራርበው ይሸፍኑት።

ሁለተኛው፣ «ስንት እጥፍ ያጎላል?» ብሎ መጀመር። ቁም ነገሩ ብርሃን መሰብሰቡ ነው። የ1 ሜትር መስታወት ጨለማ ከለመደ ዓይን ወደ 20,000 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ይሰበስባል። ከልክ በላይ ሲያጎሉት ግን የአየሩን መንቀጥቀጥም አብረው ያጎሉታል፤ ጁፒተር የሚንቀጠቀጥ ጭጋግ ይሆናል።

በመጽሔት ያዩትን ቀለም አይጠብቁ። ያ ካሜራ ለረጅም ጊዜ ብርሃን አጠራቅሞ ያወጣው ነው፤ በዓይን ኔቡላ (በሕዋ ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና) ግራጫ ጉም ይመስላል። የሳተርን ቀለበት ግን አያሳፍርም።

ቱቦውን መደገፍም ሆነ ሌንሱ ላይ መተንፈስ ይቅር። በዚያ ብርድ ትንፋሽ ሌንሱን ወዲያው በጉም ይሸፍነዋል።

ክረምት ላይ መውጣት ልፋት ብቻ ነው፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ይጠራል። ጨረቃንም ሙሉ ስትሆን አይምረጧት፤ ግማሽ ስትሆን ጥላው የጉድጓዶቹን ጥልቀት ያሳያል፤ ሙሉ ስትሆን ደብዛዛ ከዋክብትንም ትውጣቸዋለች።

ፀሐይን ያለ ልዩ ማጣሪያ በቴሌስኮፕ ማየት ዓይን ያጠፋል። ለአንድ አፍታም ቢሆን አይሞክሩት።

በመጨረሻም፣ ደቡብን ችላ አይበሉ። የደቡብ መስቀል የተባለው የከዋክብት ስብስብ በመጋቢት እኩለ ሌሊት ገደማ ከአድማሱ 21 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል፤ ግን በአዲስ አበባ ብርሃን አናት ላይ ስለሆነ ይደበዝዛል። ጥርት ያለ ሌሊት መጠበቅ ይሻላል።